«ተመለሺ» እና «ግቢ»

እናቴ ከእህቴ ጋር በስልክ አውርታ ስትጨርስ ሁልጊዜ የምትለው አንድ ነገር ነበር፤ «በሰላም ተመለሺ»። ሌላው ሰው «ቻው» ይላል፣ «ደህና ሁኚ» ይላል። እሷ ግን እህቴ እዚሁ ወፍጮ ቤት ደርሳ የምትመጣ ይመስል «በሰላም ተመለሺ» ትልና ስልኩን ለኔ ታቀብለኛለች። ራሷ መዝጋት አትወድም። እህቴ ያለችው ደግሞ ወፍጮ ቤት አይደለም። አውስትራሊያ ነው፣ ፐርዝ የሚባል ከተማ። እዚያ ወልዳለች፣ ቤት ገዝታለች፣ ግንባሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል። የእናቴ ቃል ግን ያው ነበር።

እኛ ከሚሴዎች ሰው ስንሰናበት ሁለት ቃል አለን። ከቤቱ ወጥቶ ለሚሄድ «በሰላም ተመለስ» እንላለን። ወደ ቤቱ ለሚሄድ ደግሞ «በሰላም ግባ»። እንግዳ ውሎ ሲነሳ ማንም «ተመለስ» አይለውም፣ ቤቱ ሌላ ቦታ ነዋ። በኦሮምኛም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ ለወጪው «ነጋን ዴብኢ»፣ ለገቢው «ነጋን ገሊ»። ልጆች ሆነን እንኳ አናምታታቸውም ነበር።

ሽኝትም እኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። እንግዳን ከደጃፍ ተሰናብቶ መመለስ ከማባረር ይቆጠራል። ቢያንስ አስፋልቱ ድረስ ይኬዳል። «ይብቃሽ በቃ፣ ተመለሺ» ትላለች እንግዳዋ። «ትንሽ ልራመድ» ትላለች ሸኚዋ። አክስቴና አንዲት ጓደኛዋ እንዲህ ሲባባሉ ሳያውቁት ጓደኛዋ ቤት ይደርሳሉ፤ አክስቴ እዚያ ሻይ ጠጥታ ስትነሳ ደግሞ ጓደኛዋ በተራዋ ልትሸኛት ትወጣለች። ባጃጅ ነጂዎቹ ያውቋቸዋል፣ ሲያዩዋቸው ይስቃሉ።

እህቴ ግን ማንም ሳይሸኛት ነው የሄደችው።

አባታችን ቀደም ብሎ ወደ አኼራ ሄዷል፤ ያሳደገችን እናቴ ናት፣ በቅቤ ንግድ። በገበያ ቀን ሰንበቴ ወደምትባለው ከተማ ትወርዳለች፣ ከአፋር በኩል ከሚመጡት ሴቶች ቅቤ ትገዛለች፣ አምጥታ ለከሚሴ ደንበኞቿ ትሸጣለች። እህቴ አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ውጤቱ ሳይሆንላት ሲቀር አረብ አገር ልሂድ አለች። እናቴ «እኔ በሕይወት እያለሁ? የትም!» አለች። ሁለቱም ግትሮች ናቸው። እየተኮራረፉ ከረሙ። አንድ የገበያ ቀን እናቴ ከሰንበቴ ስትመለስ የእህቴ አልጋ ተነጥፏል፣ ልብሷ ከሚስማሩ ላይ ተለቅሟል፣ እሷ የለችም። እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ስመጣ እናቴ የቅቤውን እቃ ከትከሻዋ ሳታወርድ መሃል ቤት ቆማ አገኘኋት።

ከዚያ ወዲህ ሰው «ትልቋ ልጅሽስ?» ሲላት መልሷ አንድ ሆነ፤ «ጠፋች።» እህቴ ከአረብ አገር መደወል ከጀመረች በኋላም «ጠፋች»። ለቤታችን ቆርቆሮ የሚሆን ብር ከላከች በኋላም «ጠፋች»። እዚያ የተዋወቀችውን የሐረር ልጅ አግብታ ከሱ ጋር አውስትራሊያ ከገባች በኋላም ያው «ጠፋች»።

«እማ፣ ትናንት በቪዲዮ አይተሻት፣ ፀጉሯ አምሮባታል ብለሽ፣ ዛሬ እንዴት ጠፋች ትያለሽ?» ብዬ እቆጣታለሁ።

«የሄደ ሰው ይሸኛል» ትለኛለች። «እኔ የሸኘሁት ሰው የለም።»

እንግዲህ ያልተሸኘ ሰው ይመለሳል ብላ ለእህቴ አንድ ክፍል አሠራች። ከዋናው ቤት ጎን የተቀጠለች ናት፤ ወለሏ ሴራሚክ፣ መስኮቷ የጨፋን ሜዳ የሚያሳይ። አልጋ ገባላት፣ ፍራሹ ከነላስቲኩ። ዘመድ መጥቶ ቤቱ ቢጠብ እንኳ መሬት ይነጠፍለታል እንጂ እዚያ አይተኛም። «የልጄ ክፍል ነው፣ ስትመለስ ትገባበታለች» ትላለች። እህቴና ባሏ ለሁለታችን ቪዛውን አስጨርሰው ቲኬት ሲልኩልን እናቴ ለጎረቤት «ልጠይቃት ነው» አላለችም። «ላመጣት ነው የምሄደው» አለች። እኔም አልተቃወምኩም፣ የምፈልገው እሱኑ ነበርና። እህት እያለኝ ያለ እህት ነው ያደግሁት። ሰርጌን ያየችው በስልክ ነው፣ እሱም ኔትወርኩ እየተቆራረጠ። የጨርቅ ሱቅ አለኝ፤ አዲስ ጨርቅ በገባ ቁጥር ይህ ቀለም ለሷ ይሆን ነበር እያልኩ ቆርጬ አስቀምጣለሁ። ባሌ «ሱቁን ለፐርዝ አዋልሽው» እያለ ይቀልድብኛል።

እናቴ ባዶ እጇን ልጇ ቤት የምትገባ ሴት አይደለችም። ቅቤ አነጠረች። እህቴ በስልክ «እማ፣ አያስገቡልሽም፣ ይወስዱብሻል» ብላ ለምናታለች፤ ማን ሰምቷት። ፐርዝ ስንደርስ ቀይ ፂም ያለው ፈታሽ ሻንጣዋን ከፍቶ ቅቤውን አወጣ። ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ። ፈገግ አለ። ከዚያ ወስዶ ትልቅ በርሜል ውስጥ ከተተው። የእናቴ ፊት ሲለዋወጥ አየና አንድ ቃል ጣል አደረገላት።

«ምን ይለኛል?» አለችኝ።

ሰውየው ያለው «ኖ ዎሪስ» ነው። የኔ እንግሊዝኛ የሱቅ እንግሊዝኛ ነው፣ ይቺን ግን አላጣኋትም። ሳላስብ ወደኛው ቋንቋ መለስኩላት፤ «አብሽሪ ይልሻል።»

«ቅቤዬን እየጣለ አብሽሪ ይለኛል?»

ወሎ ውስጥ «አብሽር» የማይባል ሰው የለም። የታመመውም፣ የከሰረውም፣ መኪና ያመለጠውም «አብሽር» ይባላል፤ አይዞህ፣ ይስተካከላል ማለት ነው። ያ ከተማ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ሲል ይውላል። ሳንቲሙ ተምታቶብሽ ስትርበተበቺ አብሽሪ፤ የሰው ወረፋ ገብተሽ ይቅርታ ስትጠይቂ አብሽሪ። ጥቂት ቀን እንደቆየን እናቴ «እነዚህ ሰዎች በሆነ በኩል ወሎዬ ሳይሆኑ አይቀሩም» አለች።

እውነቱን ልናገርና እኔን ከተማው አናደደኝ። የሚቸኩል ሰው የለም። አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሱቁ ሁሉ ይዘጋል፤ ባለሱቅ ነኝና ይህ ሆዴን አቃጠለው፤ ገበያተኛ በር ላይ ቆሞ እያየ እንዴት ይቆለፋል? ከአውቶቡስ የሚወርደው ሁሉ ሹፌሩን አመስግኖ ነው የሚወርደው። እኛ ከሚኒባስ የምንወርደው ከረዳቱ ጋር ተጣልተን ነው። መንገድ ላይ የማያውቁሽ ሰዎች «እንዴት ነሽ?» ይሉሻል፣ መልስ ግን አይጠብቁም። እናቴ መጀመሪያ ሰሞን እየቆመች «አልሀምዱሊላህ፣ ነጋ ዳ፣ ልጆችሽስ፣ ከብቱስ?» ስትል እነሱ መንገዱን ጨርሰውታል።

አንድ ቀን ትልቅ ሱቅ ውስጥ አንድ ጎልማሳ ፈረንጅ በባዶ እግሩ ቆሞ ወተት ሲመርጥ አየች። ክንዴን ጨበጠችኝ። «ይህ ምስኪን ምን ሆኖ ነው?»

«ወዶ ነው እማ፣ እዚህ እንዲህ ነው» አለቻት እህቴ።

እናቴ አላመነችም። ወዶ በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው በሕይወቷ አይታ አታውቅም። የሰውየውን እግር በዓይኗ ለክታ ጫማ ወደተደረደረበት ሄደች፣ አንድ የላስቲክ ነጠላ ጫማ አንስታ መጣችና እጁ ላይ አኖረችለት። ሰውየው ጫማውን አየ፣ እናቴን አየ። እህቴ በሃፍረት ፊቷ ቀልቶ በእንግሊዝኛ አስረዳችው። ሰውየው አልሳቀም። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላት፣ ራሱ ከፍሎ እዚያው ተጫማና ወጣ። እናቴ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት ዋለች።

ከወንዙ ዳር ስንደርስ ግን ደስታዋ ጠፋ። ሰፊ ወንዝ ነው፤ ግራና ቀኙ ዓይን እስኪደክም ሳር።

«ከብቱስ የታለ?» አለች።

«ከብት የለም እማማ» አላት የእህቴ ባል።

«ታዲያ ይህን ማን ይበላዋል?»

«በማሽን ይታጨዳል። ከዚያ ይጣላል።»

እናቴ ሳሩ ላይ ተቀመጠች። ቦርከና ወንዝ ዳር በበጋ ሳር ስንቱን ከስንቱ እንደሚያጣላ የምታውቅ ሴት ናት። በእጇ እየዳበሰች «ጨፋ ቢሆን፣ ጨፋ ቢሆን» ትላለች። እኔም ድንገት ቤቴ ናፈቀኝ። የመጣሁት የናፈቀችኝን እህቴን ለማየት ነው፣ አጠገቤ ተቀምጣለች፣ እኔ ደግሞ አሁን ከሚሴን እናፍቃለሁ።

በሌላ ቀን ባሕሩ ዳር ወሰዱንና የመግሪብ ሶላት እዚያ ደረሰ። ከሚሴ ላይ ስንሰግድ የምንዞርበት ቂብላ በደሴ በኩል ነው፣ ወደ ሰሜን። እዚያ ግን ወደ ባሕሩ ነው፣ ፀሐይ ወደምትጠልቅበት። እናቴ ግራ ገባት።

«አገራችንስ በየት በኩል ነው?» ብላ ጠየቀች።

የእህቴ ባል ስልኩን አየና «እሱም በዚያው በኩል ነው፣ ከባሕሩ ማዶ» አላት።

ሰግደን ከጨረስን በኋላ እናቴ ከመስገጃው አልተነሳችም። እህቴም አጠገቧ ተቀምጣ ያንኑ ውሃ ታያለች።

«ሁልጊዜ እዚህ ትሰግጃለሽ?» አለቻት እናቴ።

«በቻልኩ ቀን።»

«ወደዚህ ዞረሽ?»

«ወደዚህ ዞሬ።»

ስንመለስ እናቴ መኪና ውስጥ የእህቴን እጅ ይዛ ነው የሄደችው፤ እኔም ነገሩ ተሳክቷል፣ ይዘናት እንመለሳለን ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

ተስፋው የተበላሸው በአንድ ቃል ነው። ቁርስ ላይ እህቴ ለልጇ ዳቦ እየቀባች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ዘንድሮ እናንተ ጋ ዝናቡ እንዴት ነበር?» አለች። እናንተ ጋ። እሷ የተናገረችውን አላስተዋለችውም። እናቴ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«እኛ ጋ?» አለች። «እኛ ጋ ደህና ነው።»

ከዚያ ስንጠብቀው የነበረውን ነገር አወጣችው። «ክፍልሽ አልቋል። መስኮቱ ጨፋን ያሳይሻል። ማሽላው ሲያሸት አልጋሽ ላይ ሆነሽ ታይዋለሽ። ልጅሽንም ባልሽንም ይዘሽ ነይ። ተመለሺ፣ ኢንተለ ኮ። ተመለሺ ልጄ። ይበቃል።»

እህቴ ተነስታ ወደ ጓሮ ወጣች፤ እናቴና እኔ ተከተልናት። ጓሮው ውስጥ አንድ የሎሚ ዛፍ አለ፣ ፍሬው ቅርንጫፉን አጉብጦታል። እህቴ ግንዱን ይዛ ቆመች።

«ልጄን ያረገዝኩ ጊዜ የተከልኩት ነው» አለች። ቀጥላም «እማ፣ እኔ ያን ቀን አይቼሻለሁ» አለች።

«የቱን ቀን?»

«የሄድኩ ቀን። ሚኒባሱ ወደ አዲስ አበባ ሲወርድ ሰንበቴ ላይ ሰው ሊጭን ቆመ። አንቺ አስፋልቱ ዳር፣ ግራሩ ስር ተቀምጠሽ ከአንዲት አፋር ሴትዮ ጋር በቅቤ ትከራከሪያለሽ። መስኮቱ ክፍት ነበር፣ ድምፅሽ ይሰማኛል። ሻሼን ወደ ፊቴ ሳብኩት። ቀና ብላ ካየችኝ እወርዳለሁ ብዬ ለራሴ ተናገርኩ። ቀና አላልሽም። መኪናው ሄደ።»

እኔ «መኪናውን አንኳኩተሽ መውረድ አቅቶሽ ነው? እኛ እዚያ ስንት ዓመት...» ብዬ ጀመርኩ። አንዳቸውም አልሰሙኝም፤ እኔም መጨረስ አቃተኝ።

እናቴ «ቅቤው ውሃ ነበረበት» አለች። «ሴትዮዋን አስታውሳታለሁ። ውሃ የገባበት ቅቤ ልትሸጥልኝ ፈልጋ ዓይኔን ከእጇ አልነቀልኩም። ለቅቤ ብዬ ነው ቀና ያላልኩት።» እናቴ አባቴ ሲሞት እንኳ ሰው ፊት ያላለቀሰች ሴት ናት። እዚያ ጓሮ ውስጥ በሻርፕዋ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። እህቴም አቀፈቻት፣ እኔም ሁለቱንም አቀፍኳቸው።

«ባይሽ ኖሮ አወርድሽ ነበር» አለቻት እናቴ።

«አውቃለሁ።»

በዚህ መሃል የእህቴ ልጅ ከወጥ ቤት «ማም! ማም!» እያለች ተጣራች። እናቴ ፊቷን ገልጣ ድምፁን አዳመጠች። ልጅቷ ደግማ ተጣራች። እናቴ እህቴን ከላይዋ ቀስ አድርጋ አላቀቀቻትና «ሂጂ» አለቻት፣ «ልጅሽ ትጠራሻለች።»

ከዚያ ቀን ወዲያ ስለ ክፍሏ አላነሳችም። ይልቅ ጠዋት ጠዋት እህቴ ወደ ሥራ ስትወጣ ሻርፕዋን አጣፍታ ትከተላታለች፣ ባቡር ጣቢያው ድረስ። «ይብቃሽ እማ፣ ተመለሺ።» «ትንሽ ልራመድ።» ባቡሩ ሲነሳ «በሰላም ተመለሺ» ትላታለች፤ ማታ ደግሞ እህቴ ትመለሳለች። ከስንት ዓመት በኋላ ቃሏ የሠራላት ያን ሰሞን ነው። በር ስትከፍትላት የነበራትን ፊት አልረሳውም።

የመመለሻችን ቀን አውሮፕላን ማረፊያው መግቢያ ላይ እህቴ ልትሰናበተን ቆመች። ባሏና ልጇ ተሰናብተውን ወደ መኪናው ተመልሰዋል። እናቴ «አይሆንም» አለች።

«ምኑ ነው የማይሆነው እማ?»

«የምሸኝሽ እኔ ነኝ። አንቺ ቅደሚ።»

«እማ፣ እኮ የምትሄጂው አንቺ ነሽ!»

«አንድ ቀን ቀድመሽኝ ሄደሻል። ዛሬም ቅደሚ፣ ልሸኝሽ።»

እናቴ የእህቴን እጅ ይዛ ወደ መኪና ማቆሚያው ጉዞ ጀመረች። እኔ ሻንጣውን በጋሪ እየገፋሁ፣ አውሮፕላኑ ሊያመልጠን ነው እያልኩ እየተነጫነጭኩ ከኋላ። «ይብቃሽ እማ፣ ተመለሺ» ትላለች እህቴ፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «ትንሽ ልራመድ» ትላለች እናቴ። መኪናው ጋ ደረሱና ቆሙ። እናቴ ሁለት እጇን ዘርግታ ዱዓ አደረገችላት፣ ጥቂቱን በዓረብኛ፣ ጥቂቱን በኦሮምኛ፣ የቀረውን በአማርኛ። እህቴ «አሚን፣ አሚን» ትላለች። ሲያበቃ እናቴ ግንባሯን ሳመቻት።

«ነጋን ገሊ» አለቻት። «በሰላም ግቢ ልጄ።»

እህቴ የመኪናውን በር እንደያዘች ቀረች። ከሁለቱ የትኛው ቃል እንደተነገራት ገብቷታል፣ ያደገችው ከሚሴ ነው። ስንት ዓመት ስትጠብቀው የኖረችው ቃል መሰለኝ። ሲመጣ ግን ያለቀሰችው እንደ ሕፃን ነው።

«ተመለሺም በይኝ እማ» አለች። «እሱንም በይኝ።»

እናቴ አላለቻትም። «ግቢ» አለቻት፣ በሩን በእጇ እየከፈተችላት፤ «ልጅሽ እየጠበቀችሽ ነው።» መኪናው ወጥቶ ከዓይን እስኪሰወር ድረስም እጇን ከፍ አድርጋ ቆማ ቀረች። እኔም መነጫነጬን ትቼ አጠገቧ ቆምኩ።

ከሚሴ ስንደርስ ጎረቤት ደጃችን ላይ ተሰብስቦ ጠበቀን። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ሁሉም ከኋላችን ይመለከታል፣ ሌላ የሚወርድ ሰው ካለ። «ልጅሽስ?» አለቻት አንዷ።

«ሸኝቻት መጣሁ» አለች እናቴ።

በዚያው ሳምንት የፍራሹን ላስቲክ ቀደደችና አክስቴን አስተኛችበት። አሁን እህቴ ከሥራ ስትመለስ ባቡር ውስጥ ሆና ትደውላለች። እናቴ የዝናቡን፣ የማሽላውን ነገር ታወራታለች፣ የሎሚ ዛፏንም ትጠይቃታለች። ሲጨርሱ «በሰላም ግቢ» ትልና ስልኩን ለኔ ታቀብለኛለች። መዝጋት ዛሬም አትወድም። እኔ ስልኩን ይዤ ወደ ጓሮ እወጣለሁ፣ እናቴ እንዳትሰማኝ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ።

«በሰላም ተመለሺ» እላታለሁ።

«እሺ» ትለኛለች፣ እኔም እዘጋዋለሁ።